የካፋ ቡና ውሳኔ በማን እጅ ነበር? ከመንግሥቱ ዘመን እስከ ዛሬ

በሥራ አመራር ትምህርት «ኦፕሬሽን» የሚባለው አንድ ድርጅት ጥሬ ዕቃን፣ ጉልበትንና ጊዜን አቀናጅቶ የሚሸጥ ምርት የሚያወጣበት የሥራ ዘርፍ ነው። የዘርፉ መጻሕፍት ይህን ሥራ የሚመራ ሰው ሊያልፋቸው የማይችላቸውን የውሳኔ መስኮች ከሞላ ጎደል በተመሳሳይ መልኩ ያስቀምጣሉ፤ ምን ይመረት፣ ጥራቱ ምን ይምሰል፣ በምን ዓይነት ሂደት ይዘጋጅ፣ የት ይሠራ፣ በማን ጉልበት፣ መቼ፣ ምን ያህልስ ክምችት ይያዝ፣ በማን በኩልስ ለገዢ ይድረስ የሚሉ ናቸው። ጥያቄዎቹ በመጽሐፍ የተደራጁት ለፋብሪካ ቢሆንም ፋብሪካ በሌለበት፣ ዛፉ ራሱ በበቀለበት ጫካ ውስጥም መልስ ይሻሉ። የካፋ ቡና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በቁርጥራጩ ነው፤ የቡና መገኛነቱ ለብቻ፣ የመንግሥቱ መውደቅ ለብቻ፣ የደርግ ኮታ ለብቻ፣ የዩኔስኮ ምዝገባ ለብቻ ይተረካል። በእነዚህ ጥያቄዎች በኩል በተከታታይ ሲታይ ግን ከዘመን ዘመን ሲፈራረቁ የኖሩት ወሳኞቹ እንደሆኑና ገበሬው ያተረፈባቸው ጥቂት ዓመታት ብዙዎቹ ውሳኔዎች በአንድ ጊዜ ወደ እርሱ የቀረቡባቸው እንደነበሩ ግልጽ ይሆናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

እስከ 1897፦ በሮችና ሸክሞች

ካፋ ከጎጀብ ወንዝ በስተደቡብ በደን በተሸፈነ ደጋና ወይናደጋ ላይ የቆመ መንግሥት ሲሆን «ታቶ» በሚል ማዕረግ የሚጠራው ንጉሥ «ሚክሬቾ» ከተባለው የአማካሪዎች ጉባኤ ጋር ያስተዳድረው ነበር። አገሪቱ በጥልቅ ቦይ፣ በአጥርና በጠባቂ በሮች የታጠረች ነበረች፤ የውጭ ነጋዴም በፈቀደው መንገድ አይገባም፣ በፈለገው ቦታ አይገበያይም ነበር። የሩቅ ነጋዴዎች መናኸሪያ ቦንጋ ነበረች። በ1843 ወደ ቦንጋ የዘለቀው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲም የደረሰው በጎረቤቱ በእናርያ ንጉሥ መልእክተኞች ጥላ ሥር ሆኖ ነው። በዛሬው አነጋገር የ«የት» ውሳኔ፣ ማለትም ግብይቱ የሚካሄድበትን ቦታ መምረጥ፣ ሙሉ በሙሉ የቤተ መንግሥቱ ነበር፤ ምክንያቱም ገበያውን በአንድ ቦታ ማሰር ቀረጥ ለመሰብሰብም፣ መጻተኛን ለመከታተልም ያመች ነበር።

ብዙዎች እንደሚገምቱት ግን በዚያ ዘመን ከካፋ የሚወጣው ዋና ሸቀጥ ቡና አልነበረም። ነጋዴው ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዞ መጥቶ ሲመለስ በብዛት የሚወስደው የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና በባርነት የተያዙ ሰዎችን ነበር፤ ማር፣ ኮረሪማና ቡና ከእነዚህ በኋላ የሚሰለፉ ነበሩ። ምክንያቱ የመጓጓዣ ወጪ ነው። ወንዝ ተሻግሮ፣ በየኬላው ቀረጥ ከፍሎ፣ ወራት ፈጅቶ ቀይ ባሕር የሚደርስ በቅሎ ለክብደቱ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ ነገር መሸከም ነበረበት። በቀንድ ተሞልቶ የሚሄድ ዝባድ ወጪውን ሲሸፍን፣ ከባዱ ቡና ግን መንገድ ላይ ትርፉን ይጨርስ ነበር። ስለዚህ «ምን ይመረት» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሰጠው ከአፈሩ ይልቅ የበቅሎዋ ጀርባ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቡና በዋናነት ለቤት ፍጆታና ለቅርብ ገበያ ተለቃሚ ሆኖ ቆየ።

በጫካው ውስጥ ግን ሌላ ሥርዓት ነበር። «ኮቦ» በሚባለው ልማድ የደኑ ክፍሎች ለጎሳዎችና ለቤተሰቦች ተለይተው ይታወቁ ነበር፤ የኮቦው ባለመብት በዚያ ክልል ባሉት ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላል፣ ከሥራቸው የበቀለውን ቡናም ይለቅማል። መብቱ ዛፍ ቆርጦ መሬቱን ለመለወጥ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ ከቆመ ደን የመጠቀም መብት ነው። የለቀማው ጊዜና የማድረቂያው ሁኔታ የቤተሰቡ ውሳኔ ነበር። ይህ የይዞታ ሥርዓት አንድ መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል።

1897–1941፦ ድልና ባድማ

በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ሠራዊት ካፋን ድል አድርጎ የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ንጉሡ በግዞት ቆይተው በ1919 አረፉ። ጦርነቱና ተከትሎት የመጣው የባሪያ ፍንገላ ሕዝቡን እጅግ አመናመነው፤ ቀድሞ የታረሰ መሬት ወደ ጫካነት ተመለሰ። ዛሬ «ያልተነካ» እየተባለ ከሚደነቀው የካፋ ደን ውስጥ የተወሰነው የዚህ ባድማነት ውጤት መሆኑን ጎብኚዎች እምብዛም አያውቁትም።

አዲሱ አስተዳደር መሬቱንና ገበሬውን ለባለሥልጣንና ለወታደር አከፋፈለ። ገባር የሆነው ገበሬ ቡናን በግብር መልክ ይለቅም ስለነበር «በማን ጉልበት» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በግዳጅ ሥራ ተተካ፤ ጥራትም ለቃሚውን የማይጠቅም ነገር ሆነ። ለሌላ ሰው ጎተራ የሚለቀም ቡና ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ ለመልቀም የሚያበቃ ምክንያት አልነበረውም፤ ቅርንጫፉን ጨብጦ ያለውን ሁሉ መግፈፍ ይበቃ ነበር።

የንግዱም ማዕከል ሸሸ። የበሮቿን ሥርዓት ያጣችው ቦንጋ ለጅማው የሂርማታ ገበያ መጋቢ ሆነች፤ በ1917 የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ጅማ ወደ ዋና ከተማው የሚሄደው ቡና መሰብሰቢያነቷ ጸና። የኢጣሊያ ወረራ ያመጣው የአዲስ አበባ–ጅማ የመኪና መንገድ ይህንን ይበልጥ አጠናከረው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የካፋ ቡና የሚመዘነው፣ የሚቀሸረውና ዋጋ የሚቆረጥለት ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር።

1941–1974፦ የጭነት መኪናና የቡና ቦርድ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓለም የቡና ዋጋ እየናረ ሄዶ በ1954 ጣሪያ ነካ። የጭነት መኪና የበቅሎን ሒሳብ ስለለወጠው ከባዱ ቡና በድንገት አትራፊ ሆነ። ባለሥልጣናት፣ ባላባቶችና ከሌላ ቦታ የመጡ ባለሀብቶች ቀድሞ ለቀፎና ለኮረሪማ ብቻ ይፈለግ የነበረውን ደን በስማቸው አስመዘገቡ፤ በኮቦ ልማድ ሲጠቀም የኖረው ቤተሰብ በራሱ ጫካ ውስጥ ጭሰኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆነ። የምርቱ መጠን ጨመረ፤ የወሰነው ግን ሌላ ሰው ነበር።

መንግሥት በ1957 ብሔራዊ የቡና ቦርድን አቋቋመ። ቦርዱ ለነጋዴዎች ፈቃድ ይሰጥ፣ ቡናውንም በዓይን ምርመራና በቅምሻ፣ ማለትም ተፈልቶ በአፍ ተቀምሶ በሚደረግ ፍተሻ፣ ደረጃ ያወጣለት ነበር። የጥራት ደረጃ በዚህ መንገድ የተጻፈ መስፈርት ሆነ። ሆኖም መስፈርቱ የሚሠራው በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነበር። ገበሬው ለ«ሰብሳቢ»፣ ሰብሳቢው ለ«አቅራቢ»፣ አቅራቢው ለ«ላኪ» ሲሸጥ፣ የብዙ መንደር ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በአንድ ጆንያ ይቀላቀላል፤ ዋጋውም በፈረሱላ፣ በ17 ኪሎ ግራም፣ ይቆረጣል። አዲስ አበባ ላይ ቅምሻው የአፈር ጣዕም ቢያገኝ ቡናውን መሬት ላይ ያሰጣው ገበሬ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። መለኪያው ኖሮ የመለኪያው ውጤት ወደ ሠሪው ካልተመለሰ ደረጃ ማውጣት መጥፎውን ከመጣል አያልፍም።

በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በሽታው አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ ፈንገስ ሲሆን፣ በጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ በአገሪቱ ቡና ውስጥ ራሱን የሚከላከል ዛፍ መፈለግን መረጡ። ከኢሉባቦር አካባቢ የተመረጡት 74110 እና 74112ን የመሳሰሉ ዝርያዎች በዚህ መንገድ ተገኝተው ለገበሬ ተሰራጩ። ውሳኔው ብልህነት ነበረው፤ ግን ለካፋ አዲስ ጥያቄ ፈጠረ። የጫካ ቡና እያንዳንዱ ዛፍ ከጎረቤቱ የሚለይበት ድብልቅ ነው፤ የተመረጠው ችግኝ ደግሞ ብዙ የሚያፈራ፣ አንድ ዓይነትና በጓሮ የሚተከል ነው። የትኛው ይስፋፋ የሚለው ክርክር ያኔ ተጀምሮ እስካሁን ይቀጥላል።

1975–1991፦ ኮታ፣ ኬላና ሻይ ቅጠል

የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር ለካፋ ገበሬ ትልቅ ነፃነት አመጣ፤ መሬቱና ዛፉ ከባለርስቱ እጅ ወጡ። የቀሩት ውሳኔዎች ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ መንግሥት ሄዱ። የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ዋና ገዢና ላኪ ሆነ፤ ዋጋ ከላይ ይወሰናል፣ የገበሬ ማኅበራትና የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማስረከብ ያለባቸው ኮታ ይደለደላል፣ በመንገድ ላይ ያሉ ኬላዎች ቡና ያለፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ይፈትሻሉ። ለገበሬው የሚደርሰው በአብዛኛው ከወጪ ንግዱ ዋጋ ግማሽ የማይሞላ ስለነበር፣ ቀይ ብቻ ለቅሞ በጥንቃቄ ማድረቅ ተጨማሪ ድካም እንጂ ተጨማሪ ገንዘብ አልነበረም። የባላባቱ ዘመን መግፈፍ በሌላ ምክንያት ቀጠለ።

በዚያው ዘመን መንግሥት ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በውሽውሽ ሰፊ የሻይ ልማት አቋቋመ። ጎን ለጎን ሲታዩ ሻይና ቡና ስለ ሥራ አመራር ብዙ ያስተምራሉ። የተቀነጠበ የሻይ ቅጠል በሰዓታት ውስጥ ካልተዘጋጀ ይበላሻል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ከማሳው አጠገብ መቆም፣ ለቃሚዎች በቅርብ መኖር፣ እያንዳንዱ ቁጥቋጦም በጥቂት ቀናት ልዩነት በተራ መለቀም አለበት። የቦታ፣ የጉልበት፣ የጊዜና የሂደት ውሳኔዎች ሁሉ በአንድ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ከጊዜ በኋላ ልማቱ ኢትዮ አግሪ ሴፍት ወደተባለው የግል ድርጅት ሲዞርም ይህ ባሕርይው አልተለወጠም። ቡና ግን ደርቆ ወራት ስለሚቆይ ውሳኔዎቹ በብዙ እጆች መካከል ሊበታተኑ ይችላሉ፤ በካፋ የሆነውም ይኸው ነው።

ደኑም ራሱ የመንግሥት ሆነ። የቦንጋ ደን በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ደኖች አንዱ ተብሎ ሲከለል በውስጡ ቀፎ የሰቀለና ቡና የለቀመ ሰው መብቱ በወረቀት ላይ አልተጻፈለትም። በ1984–85ቱ ድርቅ ማግስት የተካሄደው ሠፈራ ደግሞ የደን ልማድ የሌላቸውን ብዙ ቤተሰቦች ወደ አካባቢው አመጣ።

1991–2003፦ ነፃ ገበያና ውድቀት

በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ፤ በ1991 ደርግ ወደቀ። ኮርፖሬሽኑ ተከፋፍሎ የግል ነጋዴዎች ወደ ገበያው ሲመለሱ የገበሬው የማስረከቢያ ኮታም ቀረ። ገበሬው ለማንና መቼ እንደሚሸጥ የመወሰን መብት አገኘ፤ ይሁንና መብቱን የሚጠቀምበት አቅም አልነበረውም። ጥሬ ገንዘብ የሚያልቅበት ክረምት ሲገባ ከሰብሳቢው ብድር ይወስዳል፤ ለብድሩም ገና በዛፉ ላይ ያለውን ፍሬ ይሸጣል። በዚህ ሁኔታ «ምን ያህል ክምችት ይዤ ልቆይ» የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት ተመልሷል። የብድሩ ቀን ስለሚደርስ፣ ሌባውና ዝንጀሮውም ስለሚያሰጉ ገና ሳይቀላ መልቀም ይቀናል፤ የጥራት ጉድለት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ የገንዘብ እጥረት ነበር።

በ1996 ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በቦንጋ አሳታፊ የደን አስተዳደር የተባለውን አሠራር ጀመረ። የመንደሩ ነዋሪዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማሉ፤ ደኑን ይጠብቃሉ፣ ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን በሕጋዊ መንገድ ይጠቀማሉ። በጊምቦ ወረዳ የሚገኘው የአጋማ ደን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። የኮቦ ልማድ የያዘው ቁም ነገር በማኅተም ተደግፎ ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ የነበረው መብት አሁን የማኅበር መሆኑ ነው።

የዓለም የቡና ዋጋ ግን በ2001 አንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች እስኪሸጥ ወደቀ። ብዛትን ብቻ የሚሸጥ ገበሬ በዚህ ዋጋ የሚቆምበት መሬት እንደሌለው ታወቀ፤ ለካፋ የቀረው መንገድ ቡናው በምን እንደሚለይ ማሳየት ነበር።

2004–2010፦ ዩኒየኑና አልጋው

የካፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ2004 ተመሠረተ። መሠረታዊ ማኅበራት ከአባሎቻቸው ቡና ይገዛሉ፤ ዩኒየኑ ያዘጋጅና በቀጥታ ለውጭ ገዢ ይሸጣል፤ ከሽያጩ በኋላም የትርፍ ድርሻ ለአባላት ይመለሳል። ሰብሳቢ፣ አቅራቢና ላኪ ይይዟቸው የነበሩት ውሳኔዎች የሚገናኙበት ቤት በካፋ ተሠራ። በጀርመን ገበያ ቡናው «የካፋ የዱር ቡና» እየተባለ ሲሸጥ፣ ምርቱ ምን እንደሆነ የሚገልጸው ስም ራሱ ዋጋ አወጣ።

ለውጡ በቅርብ የሚታየው በማድረቂያው ላይ ነው። ቀይ እሸት ብቻ ለመልቀም አንዱን ዛፍ በወቅቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መጎብኘት ያስፈልጋል፤ ጫካው ሩቅ ሲሆን ይህ የሰዓታት መንገድ ነው፤ ጊዜውም እህል ከሚሰበሰብበት ወቅት ጋር ይገጥማል። የተለቀመው መሬት መንካት ስለሌለበት ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ከፍ ባለ አልጋ ላይ በስሱ ይሰጣል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፣ ዝናብና የሌሊት ጤዛ እንዳያርሰው ይሸፈናል፣ የተበላሸው በእጅ ይለቀማል፤ ሳምንታት ፈጅቶ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ብቻ ይከማቻል። የካፋ ዝናብ ረጅም በመሆኑ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ በጫካ የሚገኘው ምርትም ከጓሮው እጅግ ያነሰ ነው። ገበሬው ድካሙን የተቀበለው ከፍ ያለው ዋጋና የትርፍ ድርሻው ወደ እርሱ ስለተመለሰ ነው፤ ባልተመለሰባቸው ዓመታት ደግሞ ቡናውን ወደ ነጋዴው አዙሯል።

ይህ የሆነው ማኅበራቱ አንድ ነገር ስለጎደላቸው ነው፤ እርሱም የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። እሸቱ በሚቀላበት ወር የባንክ ብድር ከዘገየ ማኅበሩ ባዶ ሚዛን ይዞ ይቆማል፤ ነጋዴው ግን ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ላይ ነው። ጥራትን የወሰነው አካል የመክፈያውን ቀን መወሰን ካልቻለ የደከመበት ጥራት ለሌላ ጆንያ ማሟያ ይሆናል። ዩኒየኖቹን ከደገፉት ሁሉ ይህን ድክመት ከአልጋና ከሥልጠና እኩል ያዩት ጥቂቶች ናቸው።

በእነዚሁ ዓመታት ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስሞች በውጭ አገር የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትታገል የካፋ ስም ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። በ2010 ግን ዩኔስኮ ወደ 760 ሺህ ሄክታር የሚጠጋውን የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ መዘገበ። ባዮስፌር ሪዘርቭ ሰው እየኖረበት ተፈጥሮ የሚጠበቅበት ክልል ሲሆን፣ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፣ በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ዙሪያና የእርሻ ቀጠና ተብሎ ይከፈላል። ቡና የት ይለቀም፣ የት ይተከል የሚለው ውሳኔ ካርታ ተሠራለት።

ከ2008 ወዲህ፦ ምርት ገበያውና ካርታው

በ2008 መጨረሻ የቡና ግብይት ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲዛወር ቦንጋ የመረከቢያ መጋዘን ካገኙት ከተሞች አንዷ ሆነች። ቡናው እዚያው ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ያገኛል፤ አቅራቢው ወደ አዲስ አበባ ሳይጓዝ የመጋዘን ደረሰኙን ይሸጣል፤ ክፍያውም በባንክ በፍጥነት ይደርሰዋል። ከ1917 ወዲህ ወደ ሰሜን ሲሸሽ የኖረው የመለኪያ ቦታ በከፊል ወደ ቦንጋ ተመለሰ። በአንጻሩ በመጋዘኑ ውስጥ አንድ ደረጃ ያገኘ ቡና ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ የትኛው ጫካ እንዳፈራው ማወቅ ቀረ። በቀጥታ የመላክ ፈቃዳቸው የተጠበቀላቸው ዩኒየኖች ግን የቡናቸውን ማንነት ይዘው ወጡ። የ2017ቱ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ አቅራቢውና ላኪው በቀጥታ እንዲተሳሰሩ በር ሲከፍት ያ ጉድለት በተወሰነ ደረጃ ታረመ።

በ2021 ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ስትሆን የአስተዳደር ውሳኔ ቀረበ፤ የገበያው ውሳኔ ግን በዚያው ሰሞን ይበልጥ ራቀ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተሠራ እርሻ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ አስመጪውም ቡናው የተለቀመበትን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ፣ ከአራት ሄክታር ሲበልጥ ደግሞ በወሰን መስመር እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የተግባራዊነቱ ጊዜ ተገፍቷል፤ ልኬቱ ግን በኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አካባቢዎች ተጀምሯል።

ደንቡ በአእምሮው የያዘው አንድ ባለቤት ያለውን፣ ዳሩ የሚታወቅ እርሻ ነው። በካፋ ግን የአንዱ ለቃሚ መንገድ ከሌላው ጋር ይገናኛል፤ በአንዱ ዛፍ ላይ ያለው ቀፎ የአንድ ቤተሰብ፣ ከሥሩ ያለው ቡና የሌላው ሊሆን ይችላል፤ የማኅበሩ ውል የሚያሳየውም የጋራውን ደን ወሰን እንጂ የእያንዳንዱን ድርሻ አይደለም። ከፊል ጫካ የሚባለው ቡና ደግሞ ከሥሩ ቁጥቋጦ ተመንጥሮ፣ ጥላ ዛፉ ሳስቶ የሚበቅል በመሆኑ ከየትኛው ቅርንጫፍ መቆረጥ በኋላ ደን መሆኑ ቀርቶ እርሻ እንደሚባል በሳተላይት ምስል መለየት ያስቸግራል። ደንቡ የማጣራቱን ኃላፊነት የጣለው በአስመጪው ላይ ስለሆነ፣ ይህን የሚፈርደው ጫካውን በእግሩ የሚያውቀው ለቃሚ አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ ጆንያውን የሚቀበለው ነጋዴ ነው።